ስንመለስ እንገባለን

ወገኖቼ፣ ወደ ትምህርታችን ከመግባታችን በፊት አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ምናልባት ታውቁት ይሆናል። ምናልባትም አሁን ከጎናችሁ ተቀምጦ ይሆናል።

አንድ ሰው ነበረ። ቅዳሜ ማለዳ ነው። ከመሥሪያ ቤት ባልደረባው የተዋሳትን ነጭ ቪትዝ መስተዋት በጨርቅ ይወለውላል። ሚስቱ የሻረግ ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ ትመላለሳለች። የሚሄዱት ፏፏቴ ለማየት ነው። መሄጃው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ በዚያው ቀን ደርሶ መልስ። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ከከተማ እንውጣ ያለችው እሷ ናት። ውኃ እንይ ያለችውም እሷ ናት። ይህ መንገድ በማን ደጅ እንደሚያልፍ ግን ሰውዬው ልብ ያለው ጉዞ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ስሙ ይርሳው ይባላል። እናቱ ከታላቅ ወንድሙ በኋላ ሁለት ልጆች ሞተውባት ነበርና፣ ሞት ይርሳው ብላ ያወጣችለት ስም ነው። ሞትስ ረሳው። አደገ፣ ተማረ፣ ደመወዝተኛ ሆነ። ስም ግን እንደ ጋቢ ነው፤ አንዳንዴ ተገልብጦ ይለበሳል። ሞት የረሳው ልጅ አድጎ ራሱ ረሺ ሆነ።

ማንን ረሳ? ወንድሙን።

ታላቅ ወንድሙ ቢያድግልኝ አገር ቤት የቀረ ገበሬ ነው። አባታቸው ሲሞት ይርሳው ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደገው ቢያድግልኝ ነው። በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ እያሻገረ ትምህርት ቤት ያደረሰው ቢያድግልኝ ነው። በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ታናሼ» ነው የሚለው። ታናሼ ብላ፣ ታናሼ መሽቷል ግባ፣ ታናሼ ደብተርህን ከዝናብ አውጣ። ከመጥራቱ በፊት ጉሮሮውን ጠረግ ያደርጋል፤ እህ፣ ታናሼ። ልጁም «አቤት ጋሼ» ይላል። በዚህ ዓለም ላይ ይርሳውን ታናሼ ብሎ የሚጠራ አፍ አንድ ብቻ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ታዲያ ምን አጣላቸው? እናታቸው ሞተች። ይርሳው ያን ጊዜ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነበር። ሲነገረው ወዲያው ተነሣ፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸ። እየበረረ ቢመጣ የደረሰው አመሻሽ ላይ ነው። ሁሉም ነገር አልቋል። አፈር ተመልሷል። በእነሱ አገር የሥጋ ዘመድ አንድ እፍኝ አፈር በእጁ ሳይመልስ ከመቃብር አይሄድም። ይርሳው የእናቱን ሬሳ አላየም፤ እፍኙንም አልመለሰም።

«ለምን አልጠበቅኸኝም?» አለው ወንድሙን፣ በሕዝብ ፊት።

«ቄሶቹ ቸኮሉ፣ ታናሼ» አለ ቢያድግልኝ። ሌላም ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ለቅሶ ቀደመው።

«እንግዲያው እኔንም ከእሷ ጋር እንደ ቀበርከኝ ቁጠረው።»

ይህን ብሎ፣ እዝን ሳይቀምስ፣ ድንኳን ሳይገባ፣ በመጣበት እግሩ ሄደ።

ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቢያድግልኝ ለፋሲካ ይደውላል፤ አይነሣም። ለዘመን መለወጫ ይደውላል፤ አይነሣም። ይርሳው በልቡ ምን ይላል መሰላችሁ? «ከልቡ ከሆነ ደግሞ ይደውላል» ይላል። ደግሞ ሲደውል ደግሞ እንዲሁ ይላል።

በዚያ ሰሞን ቢያድግልኝ ክፉኛ ታሟል የሚል ወሬ የሻረግ ጆሮ ደረሰ። ለባሏ ብትነግረው እንደሚቆጣ ታውቃለች። ስለዚህ ምን አደረገች? ፏፏቴ አማረኝ አለች።

መኪናዋ ከከተማ ስትወጣ ይርሳው የኋላውን ወንበር በመስተዋት አየ።

«ይኼ ሁሉ ድፎ ለፏፏቴ ነው የጋገርሽው?»

«ፏፏቴው ባይበላው የሚበላው አይጠፋም።»

«ሁለት ኪሎ ስኳሩስ?»

«ውኃው ይጣፍጣል።»

ይርሳው ሊስቅ ፈለገ፤ ግን መንገዱ ታጠፈና ያውቀው ከነበረው ቁልቁለት ላይ አወጣው። ከታች የቆርቆሮ በር ይታያል። ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ባሕር ዛፎች አሉ፤ አንደኛው ሥር ፊደል ቆጥሯል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው የለም። ውሻ እንኳ የለም። አጥሩ ላይ አንድ ጋቢ ተሰጥቷል፤ ነጭ፣ ጠርዙ አረንጓዴ ጥለት ያለው። የማን ጋቢ እንደሆነ ለይርሳው ማንም መንገር አላስፈለገውም። እናታቸው ፈትላ ለቢያድግልኝ ያሠራችው ጋቢ ነው።

ነፋስ አልነበረም። የባሕር ዛፉ ቅጠል አይንቀሳቀስም። መኪናዋ በደጁ ስታልፍ ግን የጋቢው አንድ ጫፍ ቀስ ብሎ ከፍ አለና ወረደ። ሰው መንገደኛን ቁም ለማለት እጁን እንደሚያነሣው።

«አንዴ ቁም» አለች የሻረግ። «አምስት ደቂቃ ጋሼን አይተነው እንሂድ። ታሟል አሉ።»

«ስንመለስ።»

«ስንመለስ ደግሞ መሸብኝ ትላለህ።»

«ስንመለስ እንገባለን አልኩሽ እኮ። ውኃው የሚያምረው ሳይሞቅ ነው።»

ስንመለስ። ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ? ክፉ ቃል አይደለችም። ጨዋ ናት። እንቢ አትልም፣ በር አትዘጋም፣ ማንንም አታስቀይምም። እንቢ ያለ ሰው ሌሊቱን ሕሊናው ይወቅሰዋል። ስንመለስ ያለ ሰው ግን እንቅልፉን ይተኛል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን ትፈራላችሁ?

ፏፏቴው ዘንድ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። የመንገዱ ጠባቂ አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። አሮጌ የወታደር ካፖርት ለብሰው፣ ዘንግ ተደግፈው ከአንድ ግራር ሥር ቆመዋል።

«ከከተማ ናችሁ አይደል? ከተሜ ውኃ እኛ ዘንድ የሚፈልገው ቧንቧው ሲደርቅበት ነው።»

«ልናይ ብቻ ነው የመጣነው አያ፤ አንቀዳም» አለ ይርሳው።

«እዩ። ግን አልተነገረንም እንዳትሉኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይኸ ውኃ ጠሪ ነው። የሰው ስም ይጠራል። ብትሰሙ ‹አቤት› አትበሉ፤ ‹ወይ› ማለትም አይሆንም።»

ይርሳው ሳቀ። «ስማችንን ማን ነግሮት ነው?»

«እናንተው ናችኋ። መንገዱን ሙሉ ስትጣሩ ይሰማል» አሉ አያ ፈንቴ፤ እሳቸው አልሳቁም። «አንድ ጊዜ ቢጠራ ውኃው ነው። ሁለት ጊዜ ቢጠራ ከውኃው ሥር ያለው ነው። ሦስት ጊዜ የሚጠራ የሰው ልጅ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ሳትሰማ አፍህን እንዳትከፍት።»

«እሺ አያ» አለ፤ የሻረግን በክርኑ ጎሸም እያደረገ።

በቀጭኑ መንገድ ወረዱ። የፏፏቴው ድምፅ መጀመሪያ የሚሰማው በጆሮ አይደለም፤ በእግር ነው። ድንጋዩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጆሮ የሚሰማው። የሻረግ ከላይ ቀርታ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች። ይርሳው ብቻውን ጥቁሩ ቋጥኝ ድረስ ወረደ። ውኃው ከላይ እንደ ነጭ መጋረጃ ይወርዳል፤ ከሥር ጉም ሆኖ ይመለሳል። ጉሙ መጣና ከበበው። ሚስቱ አትታየውም። ሰማዩም አይታየውም።

በዚህ ጊዜ ድምፁ ጠፋ።

ልብ አድርጉ፤ ውኃው አልቆመም። እንደ ነበረው ይወርዳል። ድንጋዩም ከእግሩ በታች እንደ ነበረው ይንቀጠቀጣል። ድምፅ ግን የለም። ያ ሁሉ ውኃ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሰው ሊናገር ሲል ቤቱ ጸጥ እንደሚለው ዓይነት ጸጥታ።

«እህ። ታናሼ።»

ጩኸት አልነበረም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ደጅ የተቀመጠውን በሚጠራበት ድምፅ ነው። ምላሱ ከሐሳቡ ቀድማ ተነሣች፤ «አቤ» ብላ ነበር። ከዚያ የሽማግሌው ነገር ትዝ አለውና ከንፈሩን ነከሰ። ዘወር ቢል ማንም የለም። ጉም ብቻ።

አንድ ጊዜ ከጠራ ውኃው ነው አለ በልቡ።

«ታናሼ።»

ሁለተኛው ቀረበ። ከጆሮው ኋላ ነው። ደከም ያለ፣ የጎረነነ፣ በመካከሉ ትንፋሽ ያጠረው። ይርሳው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ወንዝ ሲያሻግረው ከትከሻው ላይ ሆኖ የሰማው ድምፅ ነው። ታዲያ ምን አደረገ? ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሲስቅ የነበረው ሰው፣ የተማረው ሰው፣ በዚያ ቋጥኝ ላይ ቆሞ ሦስተኛውን ጠበቀ! «እሱ ከሆነ ደግሞ ይጠራኛል» አለ። የሳቀበትን ነገር ምክንያት አደረገው። ወገኖቼ፣ ሰው ልቡ እንቢ ሲል የማይደገፈው ምርኩዝ የለም።

ጠበቀ። ጉሙ ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። ጠበቀ። ሦስተኛው አልመጣም። የፏፏቴው ጩኸት እንደ ናዳ ተመልሶ ወረደበት፤ ከጩኸቱ ብዛት የተነሣ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

ወደ ላይ ሲወጣ የሻረግ ደነገጠች። «ምን ሆነህ ነው? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ጠርተሽኝ ነበር?»

«አልጠራሁህም።»

«ታናሼ ብለሽ አልጠራሽኝም?»

የሻረግ ስልኳን አወረደች። «እኔ መቼ ታናሼ ብዬህ አውቃለሁ?» አለች፤ ድምፅዋ ቀስ ብሎ ነው የወጣው። ተያይዘው ግራሩ ሥር ደረሱ።

አያ ፈንቴ አንድ ጊዜ አዩትና፣ «ጠራህ» አሉ። መጠየቃቸው አልነበረም።

«ሁለቴ።»

«የማን ድምፅ ነው?»

«የወንድሜ።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ። ታሟል አሉ።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ምን ብለህ መለስክለት?»

«ሦስተኛውን ስጠብቅ ነበር። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉኝ?»

«እኔ ያልኩህ ለማታውቀው ድምፅ ነው ልጄ። የሚያውቀውን ድምፅ ሦስተኛ ድረስ የሚጠብቅ ማን ነው?»

ይርሳው ወደ መኪናው ሮጠ። ድፎው እንደ ተሸፈነ፣ ስኳሩ እንደ ታሰረ ነው፤ ምሳ ማንም አላነሣም። ጉሙ መስተዋቱ ላይ የጣለው ጠብታ በዚያ ቀትር ፀሐይ አልደረቀም። በመጥረጊያው ይጠርገዋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። አርባ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ሄዱ። «ቀስ በል» አላለችውም የሻረግ። እሷም እንዲፈጥን ትፈልግ ነበር።

በሩ አሁንም ወለል ብሎ ተከፍቷል። አጥሩ ላይ ጋቢ የለም።

የቢያድግልኝ ሚስት እቴ ማንጠግቦሽ ከደጅ አገኘቻቸው። አልጮኸችም፤ ይርሳውን በሁለት እጇ ትከሻውን ይዛ አየችው።

«መጣህ?»

«እቴ፣ አለ?»

«ትንፋሹ አለ። ጠዋት የመኪና ድምፅ ሰማና ከመኝታው ቀና አለ። ‹ታናሼ ነው› አለኝ። ወጥቼ አየሁና፣ አለፈ እንጂ አልቆመም አልኩት። ‹ግድ የለም፣ ሲመለስ ይገባል› አለኝ።»

የሻረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«ስድስት ሰዓት ላይ» አለች ማንጠግቦሽ፣ «ዐይኑን ገለጠ። ‹ታናሼ› አለ። ዝም ብሎ አዳመጠ። ደግሞ ‹ታናሼ› አለ። አሁንም አዳመጠ። ሦስተኛውን ሲጀምር ‹ታ› እንዳለ ምላሱ ተያዘች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም።»

ይርሳው ገባ። ቢያድግልኝ ከመደቡ ላይ ተጋድሟል። ያን ሁሉ ወንዝ የተሻገረ ትከሻ ሟሙቶ ጋቢው ሥር ጠፍቷል። ጋቢው ነጭ ነው፤ ጠርዙ አረንጓዴ ጥለት ያለው።

«እቴ፣ ይህ ጋቢ ጠዋት አጥሩ ላይ ተሰጥቶ አልነበረም?»

«የቱ? ይኸ? ምን ነካህ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከላዩ አውርደነው አናውቅም።»

ይርሳው ተንበረከከ። አፉን ወደ ወንድሙ ጆሮ አስጠጋ።

«አቤት» አለ።

ምንም የለም።

«አቤት ጋሼ።»

ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፤ ይወጣል፣ ይገባል።

«አቤት ጋሼ፣ መጥቻለሁ። አቤት።»

በሦስተኛው የቢያድግልኝ ዐይን ተገለጠ። እንግዲህ ሦስተኛውን ማን እንደጠበቀ እዩ። ዐይኑ ይርሳው ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደ። ግድግዳው ላይ ካለችው ችንካር አንዲት ቋጠሮ ተንጠልጥላለች፤ የጠቆረች፣ አቧራ የለበሰች። ማንጠግቦሽ አወረደቻትና ይርሳው መዳፍ ላይ አስቀመጠቻት። ትንሽ ናት፤ ግን ትከብዳለች።

«የእናታችሁ አፈር ነው» አለች። «ያን ቀን ቄሶቹ ‹አፈር መልሱ› ሲሉ፣ አንድ እፍኝ ከእጄ አልለቅም አለ። ‹ይቺ የታናሼ ድርሻ ናት፤ ሲመጣ በእጁ ይመልሳታል› ብሎ ከነጠላዬ ጫፍ ቀዶ ቋጠራት። ያን ዕለት ሊነግርህ ነበር። አንተ ሄድክ። በስልክም ሊነግርህ ነበር።»

ማንጠግቦሽ የይርሳውን ጣቶች በቋጠሮዋ ላይ አጠፈቻቸው። ሌላ መጨመር ያስፈልግ ነበር?

ቢያድግልኝ በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዐረፈ። እጁ በወንድሙ እጅ ውስጥ ነበር። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ ማለት አልቻለም፤ ምላሱ ተይዛ ነበር። ይርሳው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስካሁን አንድ ነገር ያንገበግበዋል። የተቆጣ ወንድም ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር። ወንድሙ ተቆጥቶ አያውቅም። ለካስ ሦስት ዓመት ከአራት ወር የተጣላው ብቻውን ነው።

እሑድ ቀበሩት፤ ከእናቱ ጎን። በዚህኛው ቀብር ይርሳው አልዘገየም። በእጁ አፈር መለሰ። ሕዝቡ «በቃህ፣ በቃህ» እስኪለው ድረስ መለሰ። ከዚያ ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቋጠሮዋን ፈታ። አፈሩ ደርቆ ዱቄት ሆኗል። እናቱ ላይ ሲመልሰው አንድ ጊዜ ቦነነና፣ ልክ እንደ ፏፏቴው ጉም ወደ ፊቱ ተነሣ። ይርሳው ከንፈሩን ነክሶ ዝም አላለም። «አቤት» አለ።

ማን ጠርቶት ነው? ሕዝቡ አልሰማም። እኔም አላውቅም። የአንድ በሽተኛ ድምፅ አርባ ደቂቃ መንገድ አቋርጦ እንዴት ቋጥኝ ላይ እንደ ደረሰም አላውቅም። ስለ ውኃው አትጠይቁኝ። እኔ የምጠይቀው ስለ እናንተ ነው።

እናንተን ማን ጠርቷችኋል? ስልካችሁ ላይ ያልተነሣ የማን ጥሪ አለ? ስሙን ስታዩ ስልኩን የምትገለብጡት የማን ነው? «ከልቡ ከሆነ ደግሞ ይደውላል» ያላችሁት ስለ ማን ነው?

ንስሐ ምንድን ነው ስትባሉ መመለስ ነው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ከልጅነታችን የተማርነው ነው። ግን ቋንቋችን ለዚህች ቃል ስንት ሥራ እንደ ሰጣት አስባችሁ ታውቃላችሁ? የተጠራ ሰው ይመልሳል። የሄደ ሰው ይመለሳል። መቃብር አፈር ይመለስበታል። ከሦስቱ አንደኛውን ሰው ሁሉ ይፈጽመዋል፤ ቀድሞ ያልመለሰ፣ ቀድሞ ያልተመለሰ፣ የኋላ ኋላ አፈር ሲመልስ ይገኛል። ያውም ቋጠሮ ያስቀመጠለት ሰው ካለ ነው።

እግዚአብሔርም እንዲሁ ይጠራናል። እንደ ፏፏቴ እየጮኸ አይደለም። በምናውቀው ድምፅ ነው፤ ባሳደገን ድምፅ ነው። እኛ ግን በደጁ እያለፍን «ስንመለስ እንገባለን» እንለዋለን። እሱም በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ «ግድ የለም፣ ሲመለሱ ይገባሉ» ይላል። ትዕግሥቱ እንዲህ ነው። ይህ ትዕግሥት ሊያስተኛን ነው ወይስ ሊያስነሣን የሚገባው?

አሁን ከዚህ ስትወጡ መንገዳችሁ በአንድ ደጅ ያልፋል። የማን ደጅ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ። ድፎ ባትይዙ ግድ የለም። የምትሉትን ባታውቁም ግድ የለም። ሦስተኛውን አትጠብቁ። ግቡና «አቤት» በሉ።